ይቅርታ ፍርድን አይሽርም

«ያላጠፋ ሰው ተፈረደበት፤ ምን እናድርግ?» ምኒልክ አደባባይ አካባቢ የፍርድ ግልባጭ በፌስታል ይዘው የሚያስቆሙኝ ቤተሰቦች ጥያቄ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ይግባኝ ባይ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ማስታወቅ፣ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ደግሞ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት። ከይግባኙ በኋላ የሚኬድበት ሰበር ችሎት የሚያርመው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። «ምስክሩ ዋሽቷል» ብሎ ማስረጃን እንደ አዲስ ማስመዘን እዚያ አይቻልም።

ይግባኙም ሰበሩም ሳይሳካ ሲቀር ብዙዎች ወደ ይቅርታ ያዘነብላሉ። ይቅርታ ከእስር ያስፈታል እንጂ ጥፋተኝነቱን አይፍቅም። «አላጠፋሁም» እያለ የኖረ ሰው ደግሞ «ተጸጽቻለሁ» የሚል ወረቀት ሲቀርብለት ምን ያድርግ? እኔ በሥራዬ ከዚህ የሚከብድ ምክር የለብኝም።

ዳኛና ጠበቃ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ይህን በራሳቸው ላይ አይተውታል። ከምርጫ 97 በኋላ ተከሰው ሐምሌ 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በዚያው ወር ከሌሎች የተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ መሪዎች ጋር በይቅርታ ወጡ። ኋላ ስዊድን ውስጥ ስለ ይቅርታው አሰጣጥ የተናገሩትን አስተባብሉ ሲባሉ እምቢ አሉ። ታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተነሥቶ ዕድሜ ልኩ ተመለሰባቸው። ቃሊቲ እስር ቤት ለብዙ ጊዜ እንዲጠይቋቸው የተፈቀደላቸው አረጋዊት እናታቸውና ሕፃን ልጃቸው ነበሩ። የወጡት መስከረም 2003፣ ዳግም በይቅርታ ነው።

ስለዚህ የታሰረባችሁን ሰው «ፈርምና ውጣ» ብላችሁ አትጫኑት። ወረቀቱን አስቀድሞ ጠበቃ ያንብብለት፤ ውሳኔው ግን የራሱ ይሁን።