ስለ ምድር ቅርፊት መንቀሳቀስና በስምጥ ሸለቆ አገር ስለሚገባው ጥንቃቄ

በስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች መሬት በተንቀጠቀጠ ወይም እርሻ በድንገት በተሰነጠቀ ጊዜ ባላገሩ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወረዳው ሹም ነው። ሹሙ የነገሩን ምክንያት የማያውቅ ከሆነ ግን ወሬ ይበረታና፥ ሰው መቀመጥ ሲገባው ይሸሻል፤ መሸሽ ሲገባውም ይቀመጣል። ስለዚህ የምድር ቅርፊት እንደምን እንደሚንቀሳቀስ፥ ከዚህም ለእርሻ የሚመጣውን ጥቅምና ጉዳት፥ ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

የምንኖርባት ምድር የላይኛው ክፍልዋ ቀዝቅዞ የጠነከረ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱም በብዙ ስፍራ 100 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል። ከእርሱ በታች ያለው ድንጋይ እጅግ የጋለ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰዎች እንደሚያስቡት እንደ ውሃ የቀለጠ አይደለም። ብረት ሠሪ በወናፍ ያጋለው ብረት ሳይቀልጥ ለመዶሻ እንደሚታዘዝ፥ ይህም ድንጋይ ሳይቀልጥ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ይፈስሳል። በላይ ያለው ጠንካራው ክፍል ደግሞ ባንድነት የተያያዘ ሳይሆን፥ ወደ ታላላቅና ታናናሽ ክፍሎች ተለያይቶአል። እነዚህን ሊቃውንት ፕሌት ይሉአቸዋል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ንጣፍ እንላቸዋለን። ንጣፎቹ አህጉሮችንና ባሕሮችን ተሸክመው በዓመት ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይሄዳሉ። አካሄዳቸው የሰው ጥፍር እንደሚያድግ ያለ ዝግተኛ ነው።

ይህን አሳብ ለዓለም ከገለጡት ሰዎች ዋነኛው ጀርመናዊው ሊቅ አልፍሬድ ቬገነር ነው። እርሱም በ1912 ዓመት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻዎች መግጠማቸውን፥ ዳግመኛም በሁለቱ ወገን የአንድ ዓይነት እንስሳትና ዕፅዋት ቅሪት በድንጋይ ውስጥ መገኘቱን ማስረጃ አድርጎ፥ አህጉሮች ቀድሞ አንድ እንደ ነበሩ ተናገረ። ነገር ግን የሚያንቀሳቅሳቸውን ኃይል ማስረዳት ስላልቻለ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሳይቀበሉት ቀሩ። የባሕር ወለል ከተመረመረ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት፥ አሳቡ በመሠረቱ እውነት መሆኑ ታወቀ።

ንጣፎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው መጋጨት ነው፤ የህንድ ምድር ከእስያ ጋራ ስለ ተጋጨ የሂማላያ ተራሮች ከፍ ከፍ አሉ። ሁለተኛው ጎን ለጎን መተሻሸት ነው፤ ይህም በአሜሪካ በካሊፎርንያ ይታያል። ሦስተኛው መለያየት ነው፤ ይህ የኛ አገር ነገር ነው። በአፋር ምድር ሦስት ንጣፎች፥ ማለት የኑብያ፥ የሶማሊያና የዐረብ ንጣፎች ይገናኛሉ፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። የዐረብ ንጣፍ በዓመት 2 ሳንቲሜትር ገደማ ይርቃል። ከአፋር እስከ ደቡብ ሐይቆች ባለው ሸለቆ ግን የሁለቱ ወገን መራራቅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባ ዋና ነገር አለ። ምድሪቱ የምትሳበው በዝግታ ነው፤ የምትሰነጠቀው ግን በድንገት ነው። ገመድ ቀስ በቀስ እየተወጠረ ቆይቶ ባንድ ጊዜ እንደሚበጠስ፥ የብዙ መቶ ዓመት መሳብ በጥቂት ቀን ይፈታል። በመስከረም ወር 1998 ዓመተ ምሕረት በአፋር በዳባሁ ተራራ አጠገብ፥ በ60 ኪሎሜትር ርዝመት የቀለጠ ድንጋይ ከታች ወደ ስንጥቁ ገብቶ፥ የምድሪቱን ሁለት ወገን በጥቂት ሳምንት ውስጥ እስከ 8 ሜትር አራራቀ። ስለዚህ በአንድ ወረዳ አባቶች መንቀጥቀጥ አላየንም ቢሉ፥ ይህ ለዘወትር ደኅንነት ዋስትና አይሆንም።

ታሪካችንም ይህን ይመሰክራል። በግንቦት ወር 1953 ዓመተ ምሕረት በካራ ቆሬ አካባቢ በሆነው መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ ወደ ሰሜን የሚወስደውም ዋና መንገድ በስንጥቅና በመሬት መንሸራተት ተበላሸ። በመጋቢት ወር 1961 በአፋር የሰርዶ ከተማ ፈርሳ ሰው ሞተ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ብዙ መንቀጥቀጥ ተከታትሎ፥ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። በኅዳር 14 ቀን 2018 በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈንድቶ አመዱ በአቅራቢያው ባሉት መንደሮችና በግጦሽ ላይ ወደቀ።

ይሁን እንጂ ይኸው ኃይል የሚሰጠው በረከት ጥቂት አይደለም። በደጋው አገር ያለው ለም ጥቁር መሬት የተገኘው በብዛት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ ከረጋው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ ነው። ፍል ውሃውም፥ በአሉቶ የኤሌክትሪክ ኃይል የወጣበት የምድር እንፋሎትም ከዚሁ ሙቀት የመጣ ነው። እንግዲህ የሚገባው አገሩን መፍራት ሳይሆን ጠባዩን አውቆ መሥራት ነው። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች ይጠበቁ።

1ኛ፤ ስንጥቅን መለየት። ጥቁር መሬት በበጋ ደርቆ ቢሰነጠቅና ክረምት ሲገባ ቢገጥም የአፈሩ ጠባይ ነውና አያስፈራም። በስምጥ ሸለቆ ግን ከከባድ ዝናም በኋላ ድንገት የሚከፈት፥ በቀጥታ ረጅም መንገድ የሚሄድ ስንጥቅ ሲታይ፥ ከታች የቆየ የድንጋይ ስንጥቅ አፈሩን ወደ ውስጥ እየሳበ መሆኑ ይጠርጠር። ከብትና ሕፃናት እንዳይቀርቡ ይታጠር፤ የመስኖ ቦይም በላዩ አይለፍ።

2ኛ፤ ቤትና ጎተራ። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ፈጥኖ ይወድቃል። በሚገባ የታሰረ የእንጨት ቤት ግን ይወዛወዛል እንጂ እንደዚያ ፈጥኖ አይናድም። የእህል ጎተራና ትምህርት ቤት በገደል ሥርና ስንጥቅ በታየበት መስመር ላይ አይሠራ።

3ኛ፤ የጉድጓድ ውሃ። በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚወጣ ውሃ፥ ይልቁንም ሙቅ የሆነው፥ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል። በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም የሚበልጥ ከሆነ ለረጅም ዘመን ሲጠጣ ጥርስን ያበላሻል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ለሕዝብ ሳይሰጥ ውሃው ይመርመር።

4ኛ፤ አመድ የወደቀበት ግጦሽ። ከብት አመድ የለበሰ ሣር እንዳይበላ፥ ክፍት ኩሬም እንዳይጠጣ ይከልከል፤ ንጹሕ መኖና ውሃ ከሌላ ስፍራ ይቅረብለት።

5ኛ፤ ወሬን መግታት። መንቀጥቀጥ የሚመጣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ለይቶ መናገር የሚችል ሊቅ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቀን ቆርጦ የሚናገር ሰው ቢነሣ ሕዝቡ እንዳይከተለው ሹሙ ይህን ያስረዳ። ነገር ግን መንቀጥቀጡ ሲደጋገምና ስንጥቅ ሲሰፋ፥ ወይም እንፋሎት በአዲስ ስፍራ ሲወጣ፥ ሳይዘገይ ሕዝቡን ከአደገኛው ስፍራ ማራቅ ይገባል።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ሹም መንቀጥቀጥ የተሰማበትን ቀንና ሰዓት፥ የፈረሰውን ቤት፥ የስንጥቁን ርዝመትና አቅጣጫ በመዝገብ አስጽፎ፥ ለበላይ መሥሪያ ቤትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምድርን መንቀጥቀጥ ለሚከታተለው የጂኦፊዚክስ ተቋም ይላክ። መሣሪያ የመንቀጥቀጡን ስፍራና ብርታት ይናገራል፤ በየትኛው ቀበሌ የማን እርሻ እንደ ተከፈለና የትኛው ምንጭ እንደ ደረቀ ግን ከስፍራው ሰው በቀር የሚያስታውቅ የለም።