የእርጅና የዓይን መፍዘዝ ሁሉ ሞራ አይደለም



በቦንጋም ሆነ በሌላው የካፋ ወረዳ፣ አንድ አባት ዕድሜያቸው ገፍቶ ዓይናቸው ሲደክም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚለው «ሞራ ነው» ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ውስጥ 49.9 በመቶውን የያዘው የዓይን ሞራ ነበር። በዚያው ጥናት ግን 4.8 በመቶው የማኩላ መጎዳት ነው። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ይህኛው አይወጣም። «ሞራው ይብሰል» እየተባለ የሚጠበቅባቸው ወራት ዓይኑን ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ።

ማኩላ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ፣ ሬቲና በሚባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን መሐል የምትገኝ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ቦታ ናት። ፊደል የምናነበው፣ ክር በመርፌ የምናስገባው፣ የሰው መልክ የምንለየው በእርሷ ነው። ስለዚህ የተጎዳባቸው ሰው ግቢውን ዞረው፣ ላሟን አስረው ይመለሳሉ፤ ሰላም ያላቸውን ሰው ግን በድምፁ ካልሆነ አይለዩትም። ልጆች ይህን ሲያዩ «አባባ ሲፈልጉ ያያሉ» ይላሉ። በደል ነው።

መንስኤው ምንድን ነው? ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት በየቀኑ ያረጀ ክፍላቸውን ያራግፋሉ፤ ከሥራቸው ያለው ሽፋን ደግሞ ያንን ያጸዳል። ዕድሜ ሲገፋ ጽዳቱ ይዘገያል፤ ቢጫ ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ ሕዋሳቱም ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ይህ «ደረቁ» ዓይነት ሲሆን አብዛኛው ሕመምተኛ ያለበት ነው። በጥቂቶች ላይ ግን ከሥር አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች ይበቅሉና ደምና ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። «እርጥቡ» ይባላል፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እይታን ሊያጠፋ ይችላል።

ዋናው አጋላጭ ዕድሜ ነው፤ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ። ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ከታመመ ሥጋቱ ይጨምራል። እነዚህን መለወጥ አንችልም። ልንለውጠው ከምንችለው ሁሉ የሚከፋው ሲጋራ ነው። ጭሱ የማኩላን ሕዋሳት ይጎዳል፣ የደም ሥሮችንም ያውካል፤ አጫሽ ከማያጨስ ሰው ይልቅ በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድሉ በእጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ማቆም በ60 ዓመትም ይጠቅማል። የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረትም በአጋላጭነት ይጠቀሳሉ። አረንጓዴ ቅጠል የጎደለው ምግብም እንዲሁ፤ ከቆጮው ጎን የሚቀርበው ጎመን ማኩላን የሚጠብቅ ሉቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ቡናን የሚጠረጥር ካለ፣ ከተረጋገጡት አጋላጮች ውስጥ የለም፤ ካፋዎች እፎይ እንበል!

ምልክቱን ቤት ውስጥ መፈተሽ ይቻላል። ወላጅዎ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው የበሩን መቃን ይመልከቱ፤ ከዚያ በሌላው ዓይን ይድገሙት። መሐፍ የሚቀሩ ከሆነ መስመሮቹን ይጠይቋቸው። ቀጥ ያለው ነገር ከተጣመመ፣ ወይም መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ቀጠሮ የሚያስጠብቅ ጉዳይ አይደለም። እርጥቡ ዓይነት ወደ ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ሊገታ ይችላል፤ የጠፋውን ግን ብዙ ጊዜ አይመልስም። ቅርብ ካለው ሆስፒታል ጀምሩ፤ የዓይን ስፔሻሊስት ካላገኛችሁ ወደ ጅማ ማለፍ ነው። ስትደርሱ «ሞራ አለባቸው» ብላችሁ አትጨርሱ፤ ጠብታ ተደርጎ የዓይናቸው የኋላ ክፍል እንዲታይላቸው ጠይቁ።