የእንቍጣጣሽ ሥዕልና የሕፃናት ትምህርት

ክረምቱ አልፎ ምድር በዐደይ አበባ በተሸለመች ጊዜ፥ ሴቶች ልጆች እንግጫና አበባ፥ ወንዶች ልጆችም በወረቀት የሣሉትን ፀሐይና መልአክ ይዘው ለዘመድ ለጎረቤት ማበርከታቸው የቈየ ልማዳችን ነው። ከኋላቸው ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ታናናሾቻቸው ይከተላሉ፤ ነገራችንም ስለ እነዚህ ነው።

ዛሬ በማተሚያ ቤት የተዘጋጀ ሥዕል ከገበያ እየተገዛ በሕፃኑ እጅ ይሰጣል። ሥዕሉ ማማሩን አንክድም፤ ነገር ግን ሕፃኑ ከዚያ የሚያገኘው ትምህርት ምንድር ነው? ቀለም ቢበጠብጥ፥ ጠማማም ቢሆን ክብ ቢያዞር፥ ሣሩን ሦስት ሦስት አድርጎ ቢጎነጉን፥ ጣቱ ለብርዕ ይለማመዳል፤ ቍጥርም ያለ አለንጋ ይገባዋል።

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሬበል በ1837 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር) በብላንከንቡርግ ሕፃናትን በጨዋታና በእጅ ሥራ ማስተማር ጀመረ፤ በ1840ም ቤቱን «የሕፃናት አትክልት» ብሎ ሰየመው። አጸደ ሕፃናት የምንለውም ይኸው ነው። የፕሩስያ መንግሥት ግን በ1851 ከለከለው፤ እስከ 1860ም አልፈቀደም። ሹማምንት ጨዋታን እንኳ የሚፈሩበት ጊዜ አለ!

በእኛም ዘንድ የኔታ ሕፃኑ ሀሁን በተራ ስለ ዘለቀ ብቻ ዐወቀ አይሉም፤ ተራው በተለወጠው በአቡጊዳ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ እንዲለይ ያደርጉታል። በቃል መያዝና ማወቅ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ሊቃውንቱ አስቀድመው ተረድተውታል።

ስለዚህ በጳጕሜን ቀኖች ወላጆች ወረቀትና ቀለም ያቅርቡ፤ የሰበካ ካህናትም ይህን ይምከሩ። ጠማማ ፀሐይ ይዞ ደጃችሁ ለሚቆመው ሕፃንም ከሙልሙሉ ጋራ ምን እንደ ሣለ ጠይቁት።