ጥላው ስንት ደቂቃ ይርቃል?

ከደሴ በኩል ቢመጡም ከቆቦ ቢነሡም ወልድያን ተራራ ከቧት ያገኟታል። ክረምቱ ወጣ ሲል ዳገቱ ሁሉ ይለመልማል፤ ዓይን ይጠግባል። ከገበያ የምትመለስ እናት ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ ትንሽ ልረፍ ብትል ብዙ ጊዜ የምትጠለለው የሱቅ በረንዳ ሥር ነው። ተራራው ይታያል እንጂ አያስጠልልም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ውስጥ ከግማሽ እስከ 1 ሄክታር የሚሆን ለሁሉም ክፍት የሆነ አረንጓዴ ስፍራ ሊኖረው ይገባል ይላል። የአምስት ደቂቃ መንገድ መሆኑ ነው። ነገር ግን 300 ሜትሩ የሚለካው ካርታ ላይ፣ በቀጥታ መስመር ነው፤ የወልድያ ሰው ደግሞ የሚኖረው ዳገት ላይ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት 10 ሜትር ሽቅብ መውጣት 1 ደቂቃ ያህል ይጨምራል ይላል። እንግዲህ 40 ሜትር ከፍታ መሐል ከገባ የአምስት ደቂቃው መንገድ ዘጠኝ ይሆናል። ያውም ለጉልበታም ሰው! በትር ለያዙ አዛውንት ያ መናፈሻ እንደሌለ ይቆጠራል።

ጥላ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ዛፍ የሚሠራውን ሥራ ይመልከት። ቆርቆሮና አስፋልት የቀኑን ፀሐይ ተቀብለው መልሰው ሰው ላይ ይለቁታል። ዛፍ ፀሐዩን ከላይ ያግዳል፤ ከሥሩ የሳበውን ውሃ ደግሞ በቅጠሉ ያተናል። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፦ አንድ ሊትር ለመትነን የሚወስደው ሙቀት 7 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ዋርካ ሥር የገባ ሰው ፊቱን የሚዳስሰው ቅዝቃዜ ከዚህ የመጣ ነው። ባህር ዛፍ ግን ቅጠሎቹ ቁልቁል ስለሚንጠለጠሉ ብርሃኑን ያሳልፋል፤ በችግኝ ቁጥር እኩል ቢሆኑም በጥላ አይተካከሉም።

ከወልድያ ዝቅ ብላ ሙቀቱ የሚበረታባት መርሳ ፍራፍሬ አታጣም፤ ዛፉ ያለው ግን በየሰዉ አጥር ውስጥ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከተሞች አገር በቀል ወይራና ጥድ ጠብቀው ያቆዩልን የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች ናቸው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ቅጥሩ የጸሎት ቦታ ነው፤ ልጆች ኳስ የሚያባርሩበት፣ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ተቀምጠው የሚያወጉበት ስፍራ ከዚያ ውጭ መገኘት አለበት።

የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል። መርሁ መልካም ነው። ግን ገደሉንም ዳርቻውንም ቆጥሮ ሠላሳውን መሙላት ይቻላል፤ ያቺ እናት ግን በረንዳው ሥር ትቀራለች። ለወልድያ እኔ የምመኘው ከከተማው ጫፍ አንድ ሰፊ ፓርክ ከመሥራት በፊት በየዳገቱ ወገብ ላይ አንዳንድ ዋርካ ወይም ዋንዛ፣ ከሥሩም የድንጋይ መቀመጫ ነው። ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ግን ከተከላው ቀን በፊት ይታወቅ።