ሰሌዳው ላይ ስለተጻፈ እውነት ነው?

አሌክሳንድሪያ አካባቢ ሩት 1ን ይዞ የሚነዳ ሰው፣ ብርማ ቀለም የተቀባና ግንባሩ ላይ የቨርጂንያ ማኅተም ያለበት የታሪክ ሰሌዳ አይቶ ሳያልፍ አይቀርም። «ማኅተም ካለበት መንግሥት መርምሮ ያቆመው ነው» ብሎ የሚያምነው ብዙ ነው። እምነቱ ግማሽ እውነት አለው። ቨርጂንያ ይህን ሥራ የጀመረችው በ1927 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ዛሬም ጽሑፉ በባለሙያ ታይቶ በቦርድ ይጸድቃል። ሐሳቡን የሚያቀርበውና ወጪውን የሚሸፍነው ግን በአብዛኛው አመልካቹ ራሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር ወይም ቤተሰብ ሊሆን ይችላል።

በመላ አሜሪካ የሰሌዳዎችን ጽሑፍ የሚቆጣጠር አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤትም የለም። ግዛቱም፣ ካውንቲውም፣ ከተማውም የየራሱን ያቆማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከቆሙት ድንጋዮችና ሰሌዳዎች ብዙዎቹ «የአሜሪካ አብዮት ሴት ልጆች»ን እና «የተባበሩት የኮንፌዴራሲ ሴት ልጆች»ን የመሳሰሉ፣ የዘር ሐረግ ቆጥረው አባል የሚቀበሉ ማኅበራት ሥራ ናቸው። እኔ ሰሌዳ ሳነብ የምጀምረው ከግርጌው ነው። ማን አቆመው? መቼ?

በቴነሲ ግዛት፣ ሜምፊስ ከተማ ያለውን እንይ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለደቡቡ ስለተዋጋው ጄኔራል ናታን ቤድፎርድ ፎረስት በ1955 የቆመው ሰሌዳ፣ ሰውዬው እዚያ ይኖር እንደነበረና በንግድ ሀብት እንዳፈራ ይናገራል። ንግዱ ምን ነበር? ሰው መሸጥ። ፎረስት ከ1854 እስከ 1860 በዚያው ሥፍራ የባሪያ ገበያ ነበረው። ሰሌዳው ስለ ንግዱ ሐሰት አልጻፈም፤ ዋናውን ነገር ዘለለው እንጂ። ይህ ከውሸት ይከፋል ባይ ነኝ፤ አራሚ ጣቱን የሚቀስርበት የተሳሳተ ቃል አያገኝምና። በ2018 የካልቨሪ ቤተ ክርስቲያንና የሮድስ ኮሌጅ ተማሪዎች የተዘለለውን የሚናገር ሌላ ሰሌዳ አቆሙ።

ሌላው የተለመደ ስህተት «የሚታየው ራሱ ነው» ብሎ ማመን ነው። ኬንታኪ፣ ሆጀንቪል ውስጥ ሊንከን ተወለደበት የሚባል የግንድ ጎጆ አለ። በሊንከን ዕድሜ ልክ የተሠሩትን 56 ደረጃዎች የወጣ ጎብኚ፣ በ1911 በተመረቀ ባለ ዓምድ የድንጋይ ሕንፃ ውስጥ ያገኘዋል። የግንዶቹ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1890ዎቹ አንድ የኒው ዮርክ የምግብ ቤት ነጋዴ እርሻውን ገዝቶ፣ በአካባቢው ከነበረ ቤት በተወሰደ ግንድ ጎጆ አሠራ። ጎጆው ፈርሶ ለትርዒት በየከተማው ዞረ፤ በ1897 ናሽቪል ላይ የደቡቡ መሪ ጄፈርሰን ዴቪስ ተወለደበት ከተባለ ጎጆ ጋር አብሮ ታየ። የሁለቱ ግንዶች በጉዞ ሳይደባለቁ አልቀሩም። እንግዲህ የባሮችን ነጻነት ያወጀው ፕሬዚዳንትና የባሪያ አሳዳሪዎቹ ፕሬዚዳንት በአንድ ክምር! ኋላም ሕንፃው ውስጥ ሲተከል፣ ለጎብኚ መተላለፊያ እንዲተርፍ ተብሎ መጠኑ ተቀነሰ። በ2004 የእንጨቶቹ የዕድገት ቀለበት ሲመረመር፣ በ1809 ሊንከን ከተወለደ አሥርት ዓመታት ቆይተው የተቆረጡ ሆነው ተገኙ። ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎትም ጎጆውን «ተምሳሌታዊ» ነው የሚለው።

ከእንግሊዝ በመርከብ የመጡ ሰፋሪዎች መጀመሪያ ረገጡት የሚባለው የፕሊማውዝ ድንጋይ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1620 የደረሱት መንገደኞች ስለ አመጣጣቸው ሲጽፉ ያረፉበትን ድንጋይ አላነሱም። «ይኼ ነው» ብለው የጠቆሙት በ1741 የ94 ዓመት አዛውንት ናቸው። «1620» የሚለው ቁጥር የተቀረጸበትም በ1880 ነው።

«ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ የሰፈረ ቤት አይፈርስም» የሚባለውም ልክ አይደለም። መዝገቡ የተቋቋመው በ1966 ሕግ ሲሆን፣ ባለቤት በግል ገንዘቡ ላፍርስ ቢል አያግደውም። በሕጉ መሠረት ግምገማ የሚካሄደው የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ሲኖርበት ነው። ቤቱን ከመፍረስ የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ደንብ ነውና፣ አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው እሱን ይጠይቅ።

«ሰሌዳ ደግሞ ማን ያነበዋል?» የሚሉም አሉ። የኤመት ቲል ሰሌዳ መልስ ይሰጣቸዋል። የ14 ዓመቱ ጥቁር ታዳጊ ኤመት ቲል ሚሲሲፒ ውስጥ በነጮች የተገደለው የፎረስት ሰሌዳ በቆመበት በ1955 ነው። አስከሬኑ ከታላሃቺ ወንዝ የወጣበትን ሥፍራ የሚያመለክት ሰሌዳ ለመቆም ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠበቀ። እሱም ተሰረቀ። ተተኪው በጥይት ተበሳሳ፤ ሦስተኛውም እንዲሁ። በ2019 የቆመው አራተኛው ጥይት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ፣ 500 ፓውንድ ገደማ የሚመዝን ነው። በ2023 ደግሞ ሥፍራው በፕሬዚዳንት ባይደን አዋጅ የብሔራዊ መታሰቢያ አካል ሆነ።