የጓሮ ዶሮ፣ የጓሮ ጎመንና የጅብ ጥላ

ሰሞኑን በየሄድኩበት ሰው የሚያወራኝ ስለ ዶሮ ነው። ጡረታው የተቃረበ እኩያዬ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት የሠራ ወጣት፣ የኮንዶሚኒየም ኑሮ የሰለቻት እናት ሁሉም «አምስት ስድስት ዶሮ ባረባ፣ አጠገቡም ጎመንና ቆስጣ ብተክል» ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው «የሌማት ትሩፋት» መርሐ ግብርም ምኞቱን አቀጣጥሎታል። እኔም ብሆን ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ዶሮ አረባለሁ፣ ጓሮ እቆፍራለሁ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጉዳይ ፍለጋ ከሚወጡ ጎረቤቶቼ ጋር እወጣለሁ። ስለዚህ ምኞቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን የሕግ ትምህርት ያስተማረኝ አንድ ቁም ነገር ቢኖር፣ «የራሴ ነው» የምንለው ሁሉ ከአጥሩ ሲሻገር የሌላውም ሰው ጉዳይ መሆኑን ነው። ጓሮም ከዚህ አያመልጥም። እንዴት የሚለውን ላስረዳ።

ከዶሮዋ እንጀምር። ብዙ ሰው «የሐበሻ ዶሮ ምን አላት?» ብሎ ያማታል። እውነት ነው፣ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው። ግን ለምን እንደሆነ እንመልከት። የሐበሻ ዶሮ የተወሰነ እንቁላል ከጣለች በኋላ መጣሏን አቁማ ትታቀፋለች። 21 ቀን ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን እየጫረች ታበላለች፣ ከጭልፊት ትከላከላለች። ይህን ሁሉ ስትሠራ አትጥልም። ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት የውጭ ዝርያዎች ግን የመታቀፍ ጠባያቸው በምርጫ እንዲጠፋ የተደረገ ስለሆነ በዓመት ከ280 በላይ ሊጥሉ ይችላሉ። የሚጥሉት ግን በነፃ አይደለም። እያንዳንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። የማዕድ ፍርፋሪ ብቻ እየበተኑ የውጭ ዝርያ ማርባት መኪና ገዝቶ ነዳጅ እንደ መንፈግ ነው። እንግዲህ መኖ የመግዛት አቅምና ፍላጎት ያለው የውጭውን ይምረጥ፤ በትርፍራፊና በጫሪ ኑሮ የሚያኖር ደግሞ ከሐበሻዋ ጋር ይስማማል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ዶሮዋ ይህን ማዕድን ከምግቧ ካላገኘች ከአጥንቷ ትወስዳለች። ቅርፊቱ እየሳሳ ሲመጣ ወይም እግሯ ሲዝል የሚነግረን ይህንኑ ነው። የተበላ እንቁላል ቅርፊት አድርቆ፣ አድቅቆ መልሶ መስጠት ምንም ወጪ የለውም።

ትልቁ ጠላት ግን ረሃብ ሳይሆን ፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ይይዛታል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ለበዓል ገበያ ያዘጋጀቻቸው 11 ዶሮዎች በአራት ቀን ውስጥ አልቀውባት አይቻለሁ። ለእሷ ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አልነበረም፤ የልጇ ደብተርና የደንብ ልብስ ነበር። ሰበቡም ሩቅ አልነበረም። እዚያው ሰፈር አንድ ሰው ከገበያ የገዛውን ዶሮ በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ፣ ሲሞቱበት ደግሞ ጥንቡን መንገድ ዳር ጥሎት ነበር። ቀሪውን ውሻና አሞራ አዳረሰው።

መከላከያው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል፤ ለአንድ ዶሮ ሲካፈልም ዋጋው ኢምንት ነው። ታዲያ ለምን አይከተቡም? መልሱ ብልቃጡ ላይ ነው። ክትባቱ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ስድስት ዶሮ ያለው ሰው «ለስድስት ዶሮ ብዬ ይህን ሁሉ ልገዛ?» ብሎ ይተወዋል። ጎረቤቱም እንደዚያው ያስባል። ሁሉም ለየብቻው ትክክል አስቦ ሁሉም በአንድነት ይከስራል። ሰፈሩ ቀን ቆርጦ፣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠርቶ፣ አንዱን ብልቃጥ ለሁሉም ቢጠቀምበት ግን ችግሩ በግማሽ ቀን ያልቃል። ለዕድርና ለዕቁብ የማናንስ ሰዎች ለዶሮ ቀን የምናንስበት ምክንያት አይገባኝም። ሁለት ነገር አይዘንጋ። ክትባቱ ሙቀትና ፀሐይ ይገድሉታል፤ በውኃ የሚሰጥ ከሆነም ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ ያከሽፈዋል። አዲስ የተገዛ ዶሮም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

አሁን ወደ አጥሩ እንምጣ። ሁለት ጎረቤታሞች በቃሪያ ችግኝ ተጣልተው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር እንድሸመግላቸው ተጠርቼ ነበር። የአንደኛው ዶሮዎች አጥር ሾልከው የሌላውን መደብ ጭረው ጨርሰውታል። ባለ ዶሮው «ዶሮ ምን ያውቃል? እኔስ መች ላክኋት?» ይላል። ዶሮዋ አለማወቋ እውነት ነው፤ ሕጉም የሚጠይቀው ዶሮዋን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድንም። እንስሳ በማርባት የሚጠቀም ሰው እንስሳው የሚያመጣውንም ጣጣ ይሸከም ነው ነገሩ። የዚያው ሕግ ቁጥር 1225 ደግሞ ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ በላይ በሆነ ጭስ፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ያልተጠረገ የዶሮ ቤት ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ሥር ቢቆም በዚህ ሥር ሊወድቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። በዚያ ሽምግልና ባለ ዶሮው ችግኙን ተክቶ፣ አጥሩን አጥብቆ፣ ሁለቱም ቡና ጠጥተው ተለያዩ። ፍርድ ቤት ቢሄዱ ኖሮ የመዝገብ መክፈቻው ከቃሪያው ይበልጥ ነበር።

ዶሮና አትክልት ጠላት ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። በወጉ ከያዟቸው አንዱ ለሌላው ቀለብ ነው። ምርቱ ከተነሣ በኋላ ዶሮዎቹን መደቡ ላይ መልቀቅ ትሉንና የአረም ፍሬውን ያስለቅማል። ኩሳቸውም በናይትሮጅን የዳበረ ማዳበሪያ ነው። ሆኖም ትኩስ ኩስ በቀጥታ ከተክሉ ሥር ከተደረገ ሥሩን ያቃጥላል፤ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ጀርሞችንም ይይዛል። ስለዚህ ከጭድና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ ረጠብ ብሎ፣ እየተገላበጠ መብላላት አለበት። ትኩስ ኩስ የገባበት መሬት ላይ እንደ ሰላጣና ካሮት ያለ በጥሬው የሚበላ ነገር ለመልቀም አራት ወር ያህል መጠበቅ ይበጃል። የተባይ መድኃኒት የተረጨበት መደብ ላይም ዶሮ አይለቀቅ፤ ዶሮዋ የበላችው በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችን ማዕድ ይመጣልና።

የመጨረሻው እንጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አበው የዱሩን እንጉዳይ «የጅብ ጥላ» ብለው ሲሰይሙት በስሙ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አኑረዋል። ይህ ማለት ግን የዱር እንጉዳይ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል፣ ለምሳሌ መዠንገሮች፣ የሚበላውን ከማይበላው ለይተው ከጥንት ጀምሮ ይለቅማሉ። ከሚወደዱት አንዱ በዝናብ ወራት ከምስጥ ኩይሳ ላይ የሚበቅለው ነው። ይህን እንጉዳይ የሚያለማው ምስጡ ራሱ ነው። ያላመጠውን ዕፅ በጎጆው ውስጥ ከምሮ ሻጋታውን ያሳድግበታል፣ ይመገበዋል። እንጉዳዩን ቀስ ብሎ ለቆፈረ ሰው እግሩ እንደ ሥር ቀጥኖ ወደ ጎጆው ሲወርድ ይታያል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ውጪ ባለው ግምት ላይ ነው። «ትል ከበላው ለሰው ይሆናል»፣ «ከብር ማንኪያ ጋር ቀቅለህ ካልጠቆረ ብላው»፣ «ለዶሮ ሰጥተህ ካልሞተች ደህና ነው» ሲባል እሰማለሁ። ሦስቱም ሐሰት ናቸው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው የገደለው የአማኒታ ወገን እንጉዳይ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። ምልክቱም ወዲያው አይታይም፤ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ቀጥሎ ሰውየው የተሻለው ይመስላል፣ በዚያ መሐል ግን ጉበቱ እየሞተ ነው። ማታ የበላች ዶሮ ማለዳ ቆማ መገኘቷ ምንም አይመሰክርም፤ የእንስሳና የሰው አካልም ለመርዝ እኩል አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምከተለው ሕግ አጭር ነው። ከዕድሜ ልክ ለቃሚ ጋር ካልሆነ አልለቅምም፤ እሱ «ይመስለኛል» ካለም አልበላም። እንጉዳይ ሲነሣ ተቆርጦ ሳይሆን ከነሥሩ ተቆፍሮ ይነሣ፤ የአደገኛው ወገን ዋና ምልክት የሆነው ከረጢት ብዙ ጊዜ አፈር ውስጥ ተደብቋልና። ከሩቅ አገር ወይም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ በእሱ አገር የሚበላው እዚህ መርዘኛ መንትያ ሊኖረው ይችላል። የበላ ሰው ካመመው «ይለፍልኝ» ሳይል ከተረፈው እንጉዳይ ጋር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። እንጉዳይ ለጾም ወጥ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ኦይስተር የሚባለው ዝርያ ዘሩ ተገዝቶ፣ በሙቅ ውኃ በተዘፈዘፈና በተጠነፈፈ ጭድ ላይ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ እርጥበት ባለበት ጥግ ይለማል። የተረፈው ጭድም ለጓሮው ብስባሽ ይሆናል።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የጓሮ ኑሮም እንደዚያው ነው፤ የሚጸናው ችኩልነትን ትቶ ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ ለሚሠራው ነው። አጥሩን ዛሬ ማጥበቅ ይቻላል። ብስባሹን ዛሬ መጀመር ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን መጪው በዓል ሳይደርስና ገበያው በዶሮ ሳይሞላ፣ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ላይ አንዳችሁ እጅ አውጥታችሁ «የዶሮ ክትባቱ መቼ ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁ።