አማርኛን ከኩሽና ማውጣት፦ ዋሽንግተንን ከአራት ዓመት ልጅ ጋር

ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ የምንኖር ወላጆች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ የልጆች አማርኛ ላይ ያርፋል። «ይሰማል፣ ግን አይመልስም» ይላል አንዱ። «ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ጠፋባት» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ መፍትሔው ይደረደራል፤ የቅዳሜ ትምህርት ቤት፣ ዩቲዩብ፣ አያትን ከአገር ቤት ማስመጣት፣ ክረምቱን አዲስ አበባ ማሳለፍ። ሁሉም ጥሩ ነው። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን ከሁሉም የሚቀርብና ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ የምንኖርበትን ከተማ ከልጃችን ጋር በእግርና በባቡር፣ በአማርኛ እያወሩ መዞር።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ቤት ውስጥ ለትንሽ ልጅ የምንናገረውን አማርኛ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ አድምጡት። «ብዪ። ጠጪ። ነይ። ተይ። እጅሽን ታጠቢ። ጫማሽን አድርጊ። እንዳትወድቂ!» ሁሉም ትእዛዝ ነው። በእንግሊዝኛ ግን አስተማሪዋ ስለ አባጨጓሬ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ እሳት አደጋ መኪና ታወራላታለች። አንደኛው ቋንቋ የእራትና የቁጣ፣ ሌላኛው የጨዋታና የዓለም ከሆነ ልጅ የቱን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። ከኩሽና ያልወጣ አማርኛ ቶሎ የሚያወራው ያልቅበታል።

የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ሙያዬ ሶፍትዌር ስለሆነ የፊደልና የቃላት ማስተማሪያ አፕሊኬሽኖችን ሳልሞክር አልቀረሁም። አንዳንዶቹ በደንብ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ «ዝሆን» የሚለውን ቃል የነካች ልጅና እውነተኛ ዝሆን ኩምቢውን ዘርግቶ ድርቆሽ ሲያነሣ ያየች ልጅ ስለ ዝሆን እኩል አያወሩም። ሁለተኛዋ ማታ ለአያቷ የምትነግረው ታሪክ አላት።

ከሜትሮው እንጀምር። የዋሽንግተን ሜትሮ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው ሥራ የጀመረው። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከከፋይ አዋቂ ጋር በነፃ ይሳፈራሉ። መስመሮቹ ስድስት ናቸው፣ የሚጠሩትም በቀለም ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ብርማ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ። የቀለም ትምህርት እዚያው አለቀ ማለት ነው። ጋለሪ ፕሌስ የሚባለው ጣቢያ ላይ ደግሞ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ መስመር ይገናኛሉ። ይህን ለሐበሻ ልጅ መንገር ምን እንደሚያመጣ ገምቱ። የኔዋ ሦስቱንም ሳታይ ከጣቢያው አትወጣም። «አባ፣ አሁን ቢጫው መጣ! ቀዩ የት ሄደ?» ትላለች። መጣ፣ ሄደ፣ ቆመ፣ ዘገየ፣ አመለጠን፤ ቤት ውስጥ በሳምንት የማንጠቀምባቸው ግሦች እዚህ በአሥር ደቂቃ ይመላለሳሉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ወደ ዊተን ጣቢያ ጎራ በሉ። እዚያ ያለው ኤስካሌተር 70 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ እንደሆነ ይነገርለታል። ለእኛ ከሥራ ስንመለስ የሚያሰለች ደረጃ ነው። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ከመዝናኛ ፓርክ አያንስም። ልጄ «የሚሄድ ደረጃ» የሚል ስም አውጥታለታለች። እኔም ከእሷ ተቀብዬ እንዲያው ነው የምጠራው።

ቀጥሎ ብሔራዊው የእንስሳት ፓርክ፣ ሁላችንም «ዙ» የምንለው። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1889 ያቋቋመው ሲሆን 66 ሄክታር ያህል ይሰፋል። መግቢያው በነፃ ነው፤ ብቻ ቀድሞ በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል። የመኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል፣ እንዲያውም ውድ ነው፤ ስለዚህ በባቡር ሂዱ። ልጅ ለያዘ ሰው አንድ የአካባቢው ብልሃት ልንገራችሁ። ዉድሊ ፓርክ ጣቢያ ከወረዳችሁ አቀበት ይጠብቃችኋል። አንድ ጣቢያ አልፋችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ከወረዳችሁ ግን መንገዱ ሜዳ ነው። ስትመለሱ ቁልቁል ወደ ዉድሊ ፓርክ ትወርዳላችሁ። «አዘለኝ» የሚለው ልቅሶ በግማሽ ይቀንሳል።

ባኦ ሊ እና ቺንግ ባኦ የሚባሉት ሁለት ፓንዳዎች እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለሕዝብ መታየት ጀምረዋል። ፓንዳ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ነው የሚውለው። ምን እንደሚበላ ልጄ በእንግሊዝኛ ታውቃለች፤ በአማርኛ «ቀርከሃ» እንደሚባል የሰማችው ግን እዚያ አጥሩ ሥር ቆመን ነው። ቀርከሃ አገራችን ውስጥ አጥር፣ ቅርጫትና ቤት የሚሠራበት እንደሆነ ስነግራት «ፓንዳው ቤታችንን ይበላዋል?» አለችኝ። ይሰነጥቃል፣ ይልጣል፣ ያኝካል፣ ያንጎላጃል። ይህን ሁሉ ግሥ በየትኛው መማሪያ መጽሐፍ በአንድ ከሰዓት ታስተምራላችሁ?

አማርኛችን የማይደርስበት ቦታም ያጋጥማል። እዚህ ፓርኩን ሁሉ የሞላውን፣ ጭራው ለስላሳ የሆነውን ትንሽ እንስሳ ብዙዎቻችን «ሽኮኮ» እንለዋለን። የአገር ቤቱ ሽኮኮ ግን ድንጋይ መሐል የሚኖር፣ ጭራ አለው የማይባል ሌላ ፍጥረት ነው። ፎቶውን ለእናቴ በዋትሳፕ ላክንላት። «እንዲህ ያለ እኛ ጋ አላውቅም የኔ ልጅ፣ እስቲ አንቺው ስም አውጪለት» አለቻት። ልጄ «ጭራዬ» ብላ ሰየመችው። አያትና የልጅ ልጅ ከወትሮው «ደህና ነሽ? በላሽ?» አልፈው ያን ቀን ረጅም ሰዓት ስለ ጭራዬ አወሩ። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ማንም ግን የእኔን አስተርጓሚነት አልፈለገም።

ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶንያን ሙዚየሞች በነፃ መሆናቸው ለትንሽ ልጅ ወላጅ ትልቅ ነገር ነው። ሃያ አምስት ዶላር የከፈለ ሰው ሁሉንም ሳያይ መውጣት ይቆጨዋል፤ በነፃ የገባ ግን አንድ አዳራሽ አይቶ፣ ልጁ ሲደክመው ይወጣል፣ በሌላ ሳምንት ይመለሳል። የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ መግቢያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የቆመ ግዙፍ የአፍሪካ ዝሆን አለ። የሰው ልጅን አመጣጥ የሚያሳየው አዳራሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፍቷል። እዚያ ከድንቅነሽ ወገኖች ፊት ለፊት ትቆማላችሁ። እውነተኛዋ ድንቅነሽ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው፣ ያለችው አዲስ አበባ ነው። «አገሯ የእኛ አገር ነው» ስላት ልጄ «ታዲያ አማርኛ ትችላለች?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ፊደል ማደንም ሌላው ጨዋታችን ነው። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት አማርኛ በከተማው መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያና ቅጽ ላይ ይገኛል። ዘጠነኛው ጎዳናና ዩ ስትሪት አካባቢ ደግሞ የምግብ ቤቶቹ ስም በፊደል ተጽፎ ይታያል። ልጄ «ሀ»ን እና የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ነው የምታውቀው። ባገኘቻቸው ቁጥር ትጮኻለች። አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ እናቴ?» ስትላት ፍርፍሯን ራሷ ታዛለች። ፊደሉ የአባቷ የግል ጉዳይ ሳይሆን ከተማው ግድግዳ ላይ ያለ ነገር እንደሆነ በዓይኗ አይታለች።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ናሽናል ሞል ላይ የምናውቀው ባለ እንጨት ፈረስ መሽከርከሪያ መጀመሪያ የነበረው ባልቲሞር አጠገብ ግዊን ኦክ በሚባል የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ ጥቁሮችን አያስገባም ነበር። ከብዙ ተቃውሞና እስር በኋላ ለሁሉም የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ሲሆን ያ ዕለት ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊንከን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ቆሞ ታዋቂ ንግግሩን ያደረገበት ቀን ነው። በዚያ ቀን መሽከርከሪያው ላይ የወጣችው የመጀመሪያዋ ጥቁር ሕፃን ሻሮን ላንግሊ ትባላለች፤ ገና የ11 ወር ልጅ ነበረች። መሽከርከሪያው እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ ሞሉ መጣ። ለረጅም እድሳት ተዘግቶ ስለነበር ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ይህን ለአራት ዓመት ልጅ እንዴት ትነግሯታላችሁ? እኔ ያልኳት ይህን ብቻ ነው፦ «ድሮ እኛን የሚመስሉ ልጆች እንዳይወጡ ይከለከሉ ነበር። ብዙ ሰዎች ‹ይሄ ልክ አይደለም› አሉ። ከዚያ ሁሉም ወጣ።» ትንሽ አሰበችና «ማነው የከለከለው?» አለች። መልሱ ረጅም ነው፣ ዓመታት ይፈጃል። ዋናው ግን ጥያቄው በአማርኛ መጠየቁ ነው።

በኔ እምነት የዚህ ሁሉ ጣጣ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ስለ ዘር፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ እምነት ሊያወሩን ይፈልጋሉ፤ ወይም እንዲፈልጉ እንመኛለን። ያን ጊዜ በመካከላችን ያለው አማርኛ «ብዪ» እና «ተኚ» ብቻ ከሆነ ወሬው ከመጀመሩ ያበቃል። እኛ እንግሊዝኛ የቻልነው እንደምንም እንግባባ ይሆናል። አያቶቻቸው ግን? እንግሊዝኛው ያልሆነላቸው እናቶችና አባቶችስ? አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ የልባቸውን መነጋገር ያቃታቸው ቤተሰቦችን ሁላችንም እናውቃለን። ያ ክፍተት በአሥራ አምስት ዓመት ድንገት የሚመጣ አይደለም። ከአራት ዓመት ጀምሮ ነው የሚሰፋው።

«ጊዜ ከየት መጥቶ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የአዳር ተረኛ አለ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ አለ፣ በቅዳሜም ስብሰባ የሚጠራ አለቃ አለ። የትንሽ ልጅ ጉልበት ግን ከሁለት ሰዓት በላይ አይሄድም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው በሳምንት ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ ጉዞ አንድ ቦታ ይበቃል። መንገዱን አንዳንዴ ልጁ ይምራ፤ ጉንዳን ለማየት አሥር ደቂቃ ከቆመ ጉንዳኑም ከተማው ነው። «ይሄ ምን ይባላል?» እያሉ መፈተን ደስታውን ይገድለዋል። በእንግሊዝኛ ከመለሰ ሳትቆጡ ያለውን በአማርኛ ደግማችሁ ወሬውን ቀጥሉ። የማታውቁት ቃል ሲገጥማችሁ አገር ቤት ደውሉ፤ የምታወሩበት ሰበብ ሆነላችሁ።

ይህ ደግሞ የዋሽንግተን ሰዎች ዕድል ብቻ አይደለም። ለንደን ያላችሁ የተፈጥሮ ታሪክና የሳይንስ ሙዚየሞቹ ቋሚ ትርኢቶች በነፃ ናቸው። ዱባይ ያላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሜትሮ ሾፌር የለውም፤ «ታዲያ ማነው የሚነዳው?» የሚለውን ጥያቄ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ። የትም ከተማ ባቡር፣ ድልድይ፣ እርግብና ገበያ አለ። ለእኛ የስደት ከተማ ሊሆን ይችላል። ለልጆቻችን ግን የትውልድ ከተማቸው ነው፣ ሌላ የላቸውም። በአማርኛ ካላስተዋወቅናቸው በሌላ ቋንቋ ብቻ ይተዋወቁታል፤ ከተማው በገባ ቁጥርም አማርኛው ይወጣል።

የፊታችን ቅዳሜ ዝናብ ከሌለ ያላያችሁት አንድ ጣቢያ ላይ ውረዱ። ቸር ያሰንብተን።